ምሕረት ትቀድማለች፥ ንስሓ ትከተላለች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እግዚአብሔር መሓሪ እንደ ሆነ የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ሕፃኑ ከእናቱ አፍ ይሰማዋል፤ ምእመኑ በቅዳሴ ላይ ቆሞ ኪርያላይሶን እያለ ይመሰክረዋል፤ ካህኑም በየዕለቱ ያስተምረዋል። ዳሩ ግን ይህ ትምህርት በአፍ ሲነገር ሁሉም አሜን የሚለው ሲሆን፥ በኑሮ ሲፈተን የሚያምኑት ጥቂቶች ሆነው ይገኛሉ። እግዚአብሔር ኀጢአተኞችን ይምራል ብሎ የሚያምን ብዙ ነው፤ እኔን ይምረኛል ብሎ የሚያምን ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ ቆሞ፥ ግንቡን ተሳልሞ፥ ወደ ውስጥ ሳይገባ ይመለሳል። ምክንያቱን ቢጠይቁት፥ እስክነጻ ድረስ ነው ይላል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው ነገር አንድ ነው። ሰው ወደ እግዚአብሔር የሚቀርበው አስቀድሞ ነጽቶ ነውን? ወይስ የሚነጻው ወደ እግዚአብሔር ቀርቦ ነው? ከንስሓና ከምሕረት ማናቸው ይቀድማሉ? ነገሩ የቃል ክርክር የሚመስለው ቢኖር፥ በዚህ ጥያቄ ላይ የብዙ ነፍሳት መዳንና መጥፋት የተንጠለጠለ መሆኑን ከዚህ በታች ባለው ቃል ይረዳዋል።

ጌታችን ስለ ጠፋው በግ፥ ስለ ጠፋው ድሪምና ስለ ጠፋው ልጅ በምሳሌ ያስተማረው በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 15 ተጽፎ ይገኛል። ምሳሌዎቹ የተነገሩበትን ምክንያት ማስተዋል ይገባል። ቀራጮችና ኀጢአተኞች ቃሉን ሊሰሙ ወደ እርሱ ስለ ቀረቡ፥ እርሱም ከእነርሱ ጋር ስለ በላ፥ ፈሪሳውያንና ጸሐፍት አንጐራጐሩ። ለማንጐራጐራቸው የተሰጠው መልስ ሦስቱ ምሳሌዎች ናቸው። እንግዲህ ትምህርቱ ለጠፉት ማጽናኛ እንደ ሆነ ሁሉ፥ አልጠፋንም ለሚሉትም ተግሣጽ ነው።

ከ100 በጎች አንዱ ጠፋ። በግ ከመንጋው ሲለይ የሚመለስበትን መንገድ አያውቅም፤ ቢጮኽም የሚሰማው ተኵላ ነው። ስለዚህ እረኛው 99ኙን ትቶ ሊፈልገው ወጣ፤ ባገኘውም ጊዜ በበትር እየመታ አልነዳውም፥ በትከሻው ተሸከመው እንጂ። ከ10ሩ ድሪም የጠፋው አንዱ ደግሞ ከበጉ ይልቅ ምስኪን ነው። በግ ሕይወት አለውና ይጮኻል፤ ድሪም ግን መጥፋቱን እንኳ አያውቅም። መብራት አብርታ፥ ቤቱን ጠርጋ የፈለገችው ሴትዮዋ ናት። በእነዚህ በሁለቱ ምሳሌዎች የጠፋው ነገር ወደ ባለቤቱ አንድ እርምጃ እንኳ እንዳልተራመደ ልብ ይሏል። ባለቤቱ ፈለገ፤ ባለቤቱ አገኘ፤ ባለቤቱ ደስ አለው።

በሦስተኛው ምሳሌ ግን ልጁ ራሱ ተነሥቶ መጣ፤ እንግዲያስ ንስሓ ቀደመች የሚል ይኖራል። ነገሩን በጥንቃቄ እንመልከተው። ልጁ በራብ አገር፥ በእሪያዎች መካከል ሳለ ወደ ልቡ የተመለሰው ምን አስቦ ነው? በአባቱ ቤት ያሉ ሙያተኞች እንጀራ እንደሚተርፋቸው አስቦ ነው። ራብ ብቻውን ሰውን ወደ ቤቱ አይመልስም፤ በራብ ብዙዎች በሜዳ ቀርተዋል። እርሱን ያስነሣው የአባቱ ቸርነት ትዝታ ነው። አባቱ ጨካኝ ቢሆን ኖሮ፥ ከእሪያዎች ጋር መሞትን በመረጠ ነበር። ስለዚህ የአባቱ ፍቅር ልጁ ካለበት ድረስ በሐሳብ ሄዶ ጠራው ማለት ነው።

ዳግመኛም ልጁ ገና በሩቅ ሳለ አባቱ አየው፤ ያየውም መንገድ መንገዱን ይመለከት ስለ ነበር ነው። በዕድሜ የገፋ፥ የቤት ጌታ የሆነ፥ አገልጋዮች ያሉት አባት በአደባባይ መሮጥ በሰው ዘንድ የክብር ነገር አይደለም፤ እርሱ ግን ሮጠ። አንገቱን አቅፎ የሳመው፥ ልጁ ገና አንድ ቃል ሳይናገር ነው። ልጁ ያሰናዳው የኑዛዜ ቃል ደግሞ በመጨረሻው፥ ከሙያተኞች እንደ አንዱ እንዲያደርገው የሚለምን ነበር። ይህን የመጨረሻ ልመና በመንገድ ሲያሰናዳው እናነባለን፤ በአባቱ ፊት ሲናገረው ግን አናነብም። አባቱ ከመካከል አቋርጦ ልብስ፥ ቀለበትና ጫማ እንዲያመጡ አዘዘ። ልጅነቱን ለመልቀቅ የመጣውን ሰው ልጅነቱን አስያዘው። አባቶቻችን ይህን ሲተረጕሙ ልብሱን የልጅነት ጸጋ፥ የሰባውን ፍሪዳ ደግሞ ስለ እኛ የተሠዋው የክርስቶስ ሥጋና ደም ይሉታል። እንግዲህ የተመለሰው ልጅ የተጠራው ከደጅ ቆሞ እንዲጠብቅ አይደለም፤ ወደ ማዕድ ነው።

ይህ ሥርዐት በምሳሌ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ጌታ በሥራ ገልጦታል። ዘኬዎስ የቀራጮች አለቃ ነበር። በሾላ ዛፍ ላይ ሳለ ጌታ በስሙ ጠርቶ ዛሬ በቤቱ እንደሚውል በነገረው ጊዜ፥ ዘኬዎስ ከቀማው ገንዘብ አንዲት ሳንቲም እንኳ ገና አልመለሰም። ከሀብቱ እኩሌታውን ለድኾች ሊሰጥ፥ ለበደለውም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል የገባው ከዚያ በኋላ ነው (ሉቃ. 19፥1-10)። ጌታ ወደ ቤቱ የገባው ዘኬዎስ ስለ ከፈለ አይደለም፤ ዘኬዎስ የከፈለው ጌታ ወደ ቤቱ ስለ ገባ ነው። እንዲሁም በምንዝር የተያዘችውን ሴት ጌታ በመጀመሪያ እንደማይፈርድባት ነገራት፤ ቀጥሎ ዳግመኛ እንዳትበድል አዘዛት (ዮሐ. 8፥11)። ትእዛዙን ከምሕረቱ አላስቀደመም፤ ምሕረቱንም ያለ ትእዛዝ አልተወም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ክርስቶስ ስለ እኛ የሞተው ገና ኀጢአተኞች ሳለን እንደ ሆነ ሲያስተምር (ሮሜ 5፥8) የሁሉን ሥር ገልጦታል።

ይህን ይበልጥ የሚያስረዱን በአንዲት ሌሊት የወደቁ ሁለት ሐዋርያት ናቸው። ይሁዳ ጌታውን በ30 ብር ሸጠ፤ ጴጥሮስ በመሐላ ሦስት ጊዜ ካደ። ሁለቱም ተጸጸቱ። እንዲያውም የንስሓን ሥራ ቈጥረን ብንመዝን ይሁዳ የሚያንስ አይመስልም። ተጸጽቷል፤ ንጹሕ ደም አሳልፎ በመስጠት እንደ በደለ በቃሉ ተናዝዟል፤ የተቀበለውንም ገንዘብ መልሷል (ማቴ. 27፥3-5)። ጴጥሮስ ግን በዚያች ሌሊት ያደረገው ወጥቶ ማልቀስ ብቻ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከምን ላይ ነው? ቅዱስ ሉቃስ እንደ ጻፈው ዶሮ በጮኸ ጊዜ ጌታ ዘወር ብሎ ጴጥሮስን ተመለከተው፤ ጴጥሮስም ቃሉን አስቦ መራራ ልቅሶ አለቀሰ (ሉቃ. 22፥61-62)። እይታው ቀደመ፤ እንባው ተከተለ። ጴጥሮስ ያንን እይታ ተቀብሎ ከወንድሞቹ ጋር ቆየ፤ በሦስተኛው ቀንም መልአኩ ለሴቶቹ ሲናገር ጴጥሮስን በስሙ ለይቶ ጠራው (ማር. 16፥7)። በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ደግሞ ሦስት ጊዜ የካደው ሦስት ጊዜ ስለ ፍቅሩ ተጠየቀ፤ በጎችንም ተረከበ። ይሁዳ ግን በደሉን አይቶ የጌታውን ፊት አላየም። ያጠፋው የበደሉ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ለእኔ ምሕረት የለም የሚል ሐሳብ ነው። አበው ይህን ቀቢጸ ተስፋ ይሉታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን ካህናትን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። ይሁዳ በተናዘዘ ጊዜ በፊቱ የነበሩት የካህናት አለቆች ናቸው። እነርሱም ነገሩ እንደማያገባቸው፥ የራሱ ጉዳይ እንደ ሆነ ነግረው ሰደዱት። ብሩን በቤተ መቅደስ ጥሎ ወጥቶ ታነቀ። ምናልባት የሚያቀርበው ቢያገኝ ኖሮ ወዴት ይሄድ እንደ ነበር እግዚአብሔር ያውቃል። እኛ የምናውቀው፥ የተናዘዘውን ሰው የጕዳይህ ብሎ የሚመልስ ካህን ከማን ወገን እንደሚቈጠር ነው።

አሁን ጠያቂ ተነሥቶ እንዲህ ይል ይሆናል፦ ምሕረት የምትቀድም ከሆነ ኀጢአትን ማቅለል አይሆንምን? ሰውስ ነገ እማራለሁ እያለ ዛሬ በድፍረት አይበድልምን? ይህ ጥያቄ በሐዋርያት ዘመንም የተነሣ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስም ለኀጢአት የሞተ ሰው በኀጢአት ሊኖር እንደማይችል መልሶለታል (ሮሜ 6፥1-2)። እኛም በሦስት ነገር እናስረዳለን።

መጀመሪያ፥ ምሕረት በዋዛ የተሰጠች አይደለችም። ቅዱስ አትናቴዎስ ሐዋርያዊ ስለ ቃል ሥጋዌ በጻፈው መጽሐፍ፥ የሰው ችግር መተላለፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ንስሓ በበቃ ነበር፤ ነገር ግን ባሕርዩ በሞትና በጥፋት ስለ ተያዘ፥ እርሱን ለማደስ ከመጀመሪያው የፈጠረው ቃል ሰው መሆን አስፈለገው ብሎ ያስተምራል። ስለዚህ ምሕረት ማለት በደልን እንዳላዩ ሆኖ ማለፍ አይደለም። በደሉን አይቶ፥ ዕዳውን በራሱ ሥጋ ተሸክሞ፥ የተጐዳውን ባሕርይ መፈወስ ነው። የመስቀሉን ዋጋ ያወቀ ሰው በኀጢአት ሊቀልድ አይችልም።

ሁለተኛ፥ ምሕረት ተግሣጽን አታስቀርም። ንጉሥ ዳዊት በኦርዮ ሚስትና በኦርዮ ደም በበደለ ጊዜ ነቢዩ ናታን ገሠጸው። ዳዊት መበደሉን ባመነባት ቅጽበት ናታን ኀጢአቱ እንደ ተወገደለት ነገረው፤ ከዚህም ጋር ልጁ እንደሚሞትና ከቤቱ ሰይፍ እንደማይርቅ አስታወቀው (2ኛ ሳሙ. 12)። ይቅርታው ፈጣን ነው፤ ቍስሉ የሚድነው ግን በጊዜ ነው። ስለዚህ ለነጠቀው መመለስ፥ ያማውን ሰው መታረቅ፥ የታዘዘውን ጾምና ስግደት መፈጸም ከንስሓ የማይለይ የመድኀኒት ሥራ ነው። ይህ ሁሉ ምሕረትን መግዣ ዋጋ ነው ብሎ የሚያስብ ግን ይሳሳታል፤ በሽተኛ ከሐኪሙ የተሰጠውን መድኀኒት መጠጣቱ ለሐኪሙ እንደ መክፈል አይቈጠርምና።

ሦስተኛ፥ ምሕረት የልብን ደጅ የምታንኳኳ ናት እንጂ የምትሰብር አይደለችም። በተአምረ ማርያም የሚነበበው፥ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚታሰበው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። 78 ነፍስ ያጠፋ ሰው በጥርኝ ውኃ ዳነ ሲባል ሰምተው፥ አንዳንዶች እንግዲያውስ ውኃ ሰጥቶ መብላት ነው ብለው ይቀልዳሉ፤ ሌሎችም ፍርድ የለም ማለት ነው ብለው ይሰናከላሉ። ታሪኩን ግን ልብ ብለን እናስተውል። ይህ ሰው ስለ ሌላ ስም ሲለመን ያልራራ ልብ፥ በእመቤታችን ስም ሲለመን ራራ። የተጠማውን አይቶ፥ ከሚወድደው ውኃ ከፍሎ ሰጠ። ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ የከበደችው፥ ውኃ ስለ ሆነች አይደለም፤ ያ የደነደነ ልብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተባት ስለ ሆነች ነው። ምሕረት ጠባብ ቀዳዳ ፈልጋ ገባች። በዚህ ታሪክ ተመክቶ ኀጢአትን የሚያቅድ ሰው ልቡን እየዘጋ ነውና፥ የበላዔ ሰብእን ተቃራኒ ይሠራል።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ትምህርት በመከራ ጊዜ ፈትና አጽንታዋለች። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ250 ንጉሠ ነገሥቱ ዳክዮስ ሕዝቡ ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ ባዘዘ ጊዜ፥ ብዙዎች ሰማዕትነትን ተቀበሉ፤ ብዙዎች ደግሞ ፈርተው ሠዉ። ስደቱ ጋብ ሲል የካዱት ንስሓ ሊገቡ በመጡ ጊዜ ታላቅ ክርክር ተነሣ። በሮም የነበረው ቄስ ኖባትያኖስ፥ ቤተ ክርስቲያን የካደውን ልትቀበል አይገባትም ብሎ በ251 ተገንጥሎ ራሱን ጳጳስ አደረገ፤ ተከታዮቹም ንጹሓን ተባሉ። የቅርጣግናው ጳጳስ ቅዱስ ቆጵርያኖስ ግን በዚያው ዓመት ከጳጳሳት ጋር ጉባኤ አድርጎ፥ የካዱት እንደ በደላቸው መጠን ቀኖና ተቀብለው እንዲመለሱ ወሰነ። እርሱ ራሱ በ258 በሰማዕትነት ዐረፈ። እንግዲህ ለደከሙት የራራው፥ ራሱ ያልደከመው ሰው እንደ ሆነ እናስተውል።

በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት የአርዮስን ክሕደት ሲያወግዙ ይህንም ነገር አልረሱትም። በ8ኛው ቀኖና፥ ንጹሓን ከሚባሉት ወገን የሚመለሱ ካህናት በስደት ጊዜ ከወደቁት ጋር አንድ እንደሚሆኑ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ አዘዙ። በ13ኛው ቀኖና ደግሞ፥ ለሞት የቀረበ ሰው የመጨረሻውን ስንቅ፥ ቅዱስ ቍርባንን፥ እንዳይከለከል ወሰኑ። የጸሎተ ሃይማኖትን አንቀጽ የሰጡን አባቶች የምሕረትንም አንቀጽ ሰጥተውናል፤ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መተው አይገባም።

አሁን ወደ አገራችን ወደ ኢትዮጵያ እንመለስ። ቤተ ክርስቲያናችን ዓመቱን በምሕረት ጥሪ አስጊጣዋለች። ዐቢይ ጾም ሊገባ 2 ሳምንት ሲቀረው 3 ቀን ጾመ ነነዌን እንጾማለን፤ በዚያም እግዚአብሔር ቀኝና ግራቸውን ለማይለዩ ከ120,000 ለሚበልጡ ሰዎች፥ ለእንስሶቻቸውም ሳይቀር እንደ ራራ፥ የተቈጣው ግን የተላከው ነቢይ እንደ ሆነ እንማራለን (ዮናስ 4)። በዕለተ ስቅለት ምእመናን ሲሰግዱ ውለው ወደ ካህናት ይቀርባሉ፤ በወይራ ቅጠል ተጠብጥበው፥ ስግደት ታዝዘው ይሄዳሉ። በዚያች ዕለት የሚታሰበው ፈያታዊ ዘየማን ከመስቀል ወርዶ የሚጾምበት፥ የሚመጸውትበት ጊዜ አላገኘም፤ ግን ወደ ጌታ ዘወር ስላለ ገነት ገባ።

ይህ ሁሉ ጥሪ ሳለ ግን በብዙ አጥቢያ የምናየው ምንድን ነው? ሕፃናት ይቈርባሉ፤ አረጋውያን ይቈርባሉ። በመካከል ያለው ጕልማሳ፥ ፈተና የበዛበት፥ ከሁሉ ይልቅ መድኀኒት የሚያስፈልገው፥ ከማዕዱ ርቆ ይኖራል። ምክንያቱን ሲጠየቅ ገና ነኝ ይላል። በሰማንያ ተጋብተው በሰላም የሚኖሩ ባልና ሚስት አብረው ንስሓ ገብተው ትዳራቸውን በቅዱስ ቍርባን ማጽናት ሲቻላቸው፥ ስናረጅ እንቈርባለን ይላሉ። ይህ አባባል በውጭ ሲያዩት ትሕትናና የማዕዱን ክብር መፍራት ይመስላል፤ ክብሩን መፍራትስ መልካም ነው። በውስጡ ግን ሁለት ስሕተት አለበት። አንደኛው፥ እርጅና ለሁሉ የተሰጠ ይመስል ነገን እንደ ራስ ገንዘብ መቍጠር ነው። ሁለተኛው፥ ኀጢአት በራሱ ጊዜ ደክሞ ሲለቀኝ ያን ጊዜ ንጹሕ ሆኜ እቀርባለሁ ማለት ነው። ኀጢአት ስለ ደከምን ቢለቀን እርሱ ተወን እንጂ እኛ አልተውነውም። ቍስሉ ሲሽር ወደ ሐኪም እሄዳለሁ የሚል በሽተኛ ማን አለ?

ስለዚህ ለወንድሞቻችን ለካህናት እንዲህ እንላለን። የንስሓ ልጅ ሊናዘዝ ሲመጣ፥ ወደ እኛ ሳይደርስ ምሕረት ቀድማ እንዳገኘችው እንወቅ፤ ያለ እርስዋ ደጃችንን ባልረገጠ ነበር። እኛ የአባቱ አሽከሮች ነን፤ ሥራችን ልብሱንና ጫማውን ማምጣት ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ቤተ ክርስቲያንን በፍርድ ሸንጎ ሳይሆን በሐኪም ቤት ይመስላታል። ሐኪም ቍስሉን አይቶ አይሣለቅም፤ ምሥጢሩን በአደባባይ አያወራም፤ ለሕፃንና ለጐበዝ አንድ መጠን መድኀኒት አይሰጥም። ሸክም የበዛበትን ሰው በአንድ ቀን የማይፈጽመውን ቀኖና ብናሸክመው፥ ቀኖናውን ጥሎ ይሄዳል፤ ከቀኖናውም ጋር ተስፋውን ይጥላል። ደግሞም ወደ ንስሓ ልጆቻችን ቤት ለጸበልና ለዝክር ገብተን፥ በልተን ጠጥተን፥ ስለ ነፍሳቸው አንዲት ቃል ሳንጠይቅ የምንወጣ ከሆነ፥ የንስሓ አባትነታችን በስም ብቻ ቀርቷል። በምሳሌው ታላቁ ወንድም ከእርሻ ሲመለስ በቤቱ የዘፈን ድምፅ ሰምቶ ተቈጣ፤ አባቱም ለእርሱ ደግሞ ወጥቶ ለመነው። ወንጌሉ ገባ ወይም አልገባም ሳይል ምሳሌውን ይፈጽማል። መልሱ ለእኛ የተተወ ነው።

ለምእመናንም እንዲህ እንላለን። ማር ይስሐቅ የሥጋ ለባሽ ሁሉ ኀጢአት በእግዚአብሔር ምሕረት ፊት ወደ ታላቅ ባሕር እንደ ተጣለ እፍኝ አሸዋ እንደ ሆነ ያስተምራል። እንግዲህ ኀጢአቴ ከምሕረቱ ይበልጣል የሚል ሰው ራሱን ያዋረደ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ኀጢአቱን ከእግዚአብሔር በላይ ከፍ አድርጓል። ዛሬ የንስሓ አባት የሌላችሁ ያዙ፤ ያላችሁ ጥሩ፤ የራቃችሁ ቅረቡ። ቃሉ ባይሳካላችሁ አትፍሩ፤ የጠፋው ልጅም ያሰናዳውን ቃል አልፈጸመውም። የሚከብዳችሁን አንዱን ኀጢአት አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ደፍሮ የተገለጠ ቍስል እኩሌታው እንደ ዳነ ይቈጠራል። የነጠቃችሁት ካለ መመለስን፥ የተጣላችሁት ካለ መታረቅን ዛሬ ጀምሩ። ወድቃችሁ ብትነሡ፥ ተነሥታችሁም ብትወድቁ፥ ደግማችሁ ተነሡ።

አባት በደጅ ቆሞ መንገድ መንገዱን ይመለከታል። ልጁ ገና በሩቅ ነው፤ ልብሱም የእሪያ እረኛ ልብስ ነው። በአባቱ ዘንድ ግን ቀለበቱ ተዘጋጅቷል፤ ፍሪዳውም ተሠውቷል። የቀረ ነገር ቢኖር የልጁ መነሣት ብቻ ነው፤ ለመነሣትም ኀይል የሚሰጠው ያው የሚጠብቀው አባት ነው። የምሕረት አምላክ የጠፋነውን ይፈልገን፤ የተገኘነውን ያጽናን፤ ለጠባቂነት የሾመንንም ከማንጐራጐር ይጠብቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።